ፊልድ ማርሻል ኩቱዞፍና የ1812 ጦርነት

ጀግና ሲባል ብዙዎቻችን ወደ ፊት የሚገሠግሠውን እንጂ ወደ ኋላ የሚያፈገፍገውን አናስብም። እኛም የዓለም ታሪክ ስንማር አሳባችን ይኸው ነበር። ዳሩ ግን አባቶቻችን መስኮብ ይሏት በነበረችው በሩሲያ የተነሣውን የሚካኤል ኩቱዞፍን ሕይወት ከተመለከትን በኋላ አሳባችን ተለወጠ። ስለዚህ ታሪኩን በአጭሩ ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ኩቱዞፍ በፒተርስበርግ በመድፈኞችና በመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ተማረ፤ ትምህርቱን እንደ ፈጸመም እዚያው ሒሳብ ለማስተማር ቀረ። ከቱርኮች ጋር በተደረጉት ጦርነቶች በ1774 እና በ1788 ሁለት ጊዜ ራሱን በጥይት ተመትቶ ከሞት ተረፈ፤ ቀኝ ዓይኑ ግን ተጐዳ። በ1794 የመኳንንት ልጆች የሚማሩበት የጦር ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆነ።

ዲሴምበር 2 ቀን 1805 በአውስተርሊጽ ከናፖሌዎን ጋር ጦርነት ሊደረግ ሲል፥ ኩቱዞፍ መታገሥ ይሻላል ብሎ መከረ። ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ እስክንድር ግን አልሰማውም፤ ጦሩም ድል ሆነ።

ጁን 24 ቀን 1812 ናፖሌዎን ከ400,000 የሚበልጥ ሠራዊት አስከትሎ የኒዬመንን ወንዝ መሻገር ጀመረ። የሩሲያ ጦር አዛዥ ባርክላይ ሠራዊቱን ላለማስፈጀት እያፈገፈገ ቢሄድ መኳንንቱ አጕረመረሙበት። ስለዚህ እስክንድር፥ ኩቱዞፍን እምብዛም ባይወደውም፥ በኦገስት ወር ጠቅላይ አዛዥ አድርጎ ሾመው።

ሴፕቴምበር 7 ቀን ቦሮዲኖ ላይ ከጥዋት እስከ ማታ ታላቅ ውጊያ ተደረገ። ከሁለቱም ወገን 70,000 ያህል ሰው ሞተ ወይም ቈሰለ፤ ነገር ግን አንዱ ሌላውን ሊደመስስ አልቻለም። ከስድስት ቀን በኋላ ጀኔራሎቹ በፊሊ መንደር፥ በአንድ ገበሬ ጎጆ ውስጥ ተሰበሰቡ። ጥያቄው፥ ለጥንታዊቱ ከተማ ለሞስኮ ሲባል እንደገና እንዋጋ ወይስ እንልቀቃት የሚል ነበር። ኩቱዞፍ፥ ከተማይቱ ብትያዝ አገር እንደማይጠፋ፥ ጦሩ ቢያልቅ ግን ከተማውም አገሩም አብረው እንደሚጠፉ ተረድቶ እንድትለቀቅ አዘዘ። ስሙ እንደሚጐድፍ እያወቀ ፍርዱን ብቻውን ተሸከመ።

በማግሥቱ ፈረንሳውያን ገቡ፤ ሞስኮም በእሳት ተያይዛ አብዛኛው ክፍሏ ወደመ። ናፖሌዎን ከአምስት ሳምንት ያህል ዕርቅ ቢጠብቅ መልስ አጣ። በዚህም ጊዜ ኩቱዞፍ በታሩቲኖ ሰፍሮ ጦሩን ያጠናክር ነበር። ናፖሌዎን ኦክቶበር 19 ቀን ከሞስኮ ወጥቶ ወደ ደቡብ አመራ፤ ኦክቶበር 24 ቀን ማሎያሮስላቬትስ ላይ ውጊያ ሆነ። ፈረንሳውያን ከተማይቱን ቢይዙም፥ ወደ ካሉጋ የሚወስደውን መንገድ ኩቱዞፍ ስለ ዘጋባቸው፥ ቀድሞ በዘረፉት በስሞሌንስክ መንገድ ለመመለስ ተገደዱ። የጦርነቱ መለወጫ ይህ ነው እንላለን፤ ከዚያ በኋላ ረኃብና ብርድ፥ ኮሳኮችም ጨረሷቸው። በኖቬምበር መጨረሻ በቤሬዚና ወንዝ ብዙ ሺህ ሰው አለቀ። ናፖሌዎን ራሱ ስላመለጠ ግን ኩቱዞፍ ዘገየ ተብሎ ተነቀፈ። እርሱ ግን የገዛ ወታደሮቹም በብርድ ማለቃቸውን ያይ ነበር።

ኩቱዞፍ ኤፕሪል 28 ቀን 1813 በቡንዝላው ሞተ፤ በፒተርስበርግ በካዛን ካቴድራል ተቀበረ።

እኛ ዘንድሮ ከትምህርት ቤታችን የምንሰናበት ተማሪዎች ከዚህ ሰው የምንማረው፥ የሚለቀቀውንና የማይለቀቀውን ለይቶ ማወቅን ነው። ጠላትን መድፈር ድፍረት ነው፤ ለወገን ሲሉ የወገንን ነቀፌታ መቻል ግን ከዚያ የሚበልጥ ድፍረት መስሎ ይታየናል።