የድንጋይ እንጨት መርማሪዋ ሜሪ ስቶፕስ

ሜሪ ስቶፕስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1880 ዓ.ም. በኤዲንብራ ከተማ ተወለዱ። በ1904 በሚዩኒክ የዶክተርነት ማዕርግ ተቀብለው፣ በዚያው ዓመት በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ በሳይንስ መምህርነት የተሾሙ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ዓለም ይበልጥ የሚያውቃቸው በ1921 በለንደን ባቋቋሙት የወሊድ መቆጣጠሪያ ክሊኒክና ስለ ሰው ዘር ምርጫ በያዙት የሚነቀፍ ሐሳብ ቢሆንም፣ ቀዳሚው ሙያቸው ወደ ድንጋይ የተለወጠ እንጨት መመርመር ነበረ።

እንዲህ ያለው እንጨት ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ ተቆርጦና ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ ውሃ የሚያልፍባቸው ሰፋፊ ቧንቧዎች ከታዩበት በአብዛኛው አበባ ከሚያወጣ ዛፍ የተገኘ ነው፤ በጥድ ወገን እነዚህ አይገኙም። እርሳቸውም በብሪቲሽ ሙዚየም ከተቀመጡት ድንጋዮች ይህን ምልክት ለይተው፣ አባቢ ዛፎች ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት በእንግሊዝ አገር እንደ ነበሩ በ1912 ባሳተሙት ጽሑፍ ገለጡ። እንጨቱ በዚያ ዘመን እንኳ የተሟላ አሠራር ስለ ነበረው፣ የወገኑ መነሻ ከዚያ የራቀ መሆኑን አስረዱ። በ1958 ዐረፉ።

ይሁን እንጂ ኋላ የተነሡ ሊቃውንት፣ ከድንጋዮቹ አንዳንዶቹ ከተባለው የምድር ንብርብር መውጣታቸውን ተጠራጥረዋል። የጎደለው የመርማሪዋ ትጋት ሳይሆን የቦታው መዝገብ ነው። ከጎንደር በስተ ምዕራብ በጭልጋ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የዕፅዋት ቅሪቶች ይገኛሉ። እንግዲህ በጭልጋም ሆነ በጅቡቲ ካርቲየ 1 የሚያስተምር መምህር፣ ተማሪው ድንጋይ ይዞ ሲመጣ ከሁሉ አስቀድሞ የተነሣበትን ቦታ ያስጽፈው።