ሙሴ ነርሲስ ናልባንዲያን (1915–1977)

ኢስትሊ ውስጥ በሐበሻ ምግብ ቤት ደጃፍ ስታልፉ ከውስጥ የድሮ ዘፈን ትሰማላችሁ። ድምፃዊው ከመጀመሩ በፊት ሳክስፎንና ትራምፔት ተቀባብለው ይገባሉ። ይህን አሠራር ለሀገራችን ሙዚቀኞች ካስተማሩት ዋነኛው፣ እንደ እናንተ በስደት ያደጉ ሰው መሆናቸውን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? (ዓመታቱን የጻፍኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።)

ነርሲስ ናልባንዲያን በ1915 በአይንታብ ተወለዱ። ከተማዋ ዛሬ ቱርክ ውስጥ ናት፤ ጋዚያንቴፕ ትባላለች። 1915 ለአርመኖች የእልቂት ዓመት ነው። በኦቶማን መንግሥት እጅ በብዙ መቶ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ፤ የተረፈውም ተበተነ። የነርሲስ ቤተሰብ ወደ ሶርያ፣ ወደ አሌፖ ተሰደደ።

ወደ ኢትዮጵያ የሚወስደውን መንገድ የከፈቱላቸው አጎታቸው ናቸው። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ ሰሙና ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። አርባ ልጆች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን፣ የነርሲስ አጎት፣ በዘውዱ ዘመን ይዘመር የነበረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱ ናቸው። ነርሲስ በ1930ዎቹ መጨረሻ ተከትለው መጡ።

ጣልያን ከወጣ በኋላ የአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድን መሩ። በ1955፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት የተከፈተው ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው፣ ኦርኬስትራውም በእሳቸው እጅ ሠለጠነ። ሰው ሁሉ ሙሴ ነርሲስ ይላቸው ነበር፤ ሙሴ በፈረንሳይኛ አቶ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዘፈናችን ባብዛኛው በአምስት ድምፅ ይሄዳል፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ። ዘፋኙም ማሲንቆውም አንዱን ዜማ ይከተላሉ። የጃዝ ኦርኬስትራ ግን የተለያዩ ድምፆችን ባንድ ጊዜ ይደራርባል። የአውሮፓን አደራረብ እንዳለ ብትጭኑበት ከቅኝቱ ውጭ የሆነ ድምፅ ይገባና ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ሙሴ ነርሲስ ቅኝቶቹን እንደ ተማሪ ቁጭ ብለው አጠኑ። ከዚያም ቅኝቱ ሳይፈርስ ሳክስፎኑ ይህን፣ ትሮምቦኑ ያን እያሉ የእያንዳንዱን ድርሻ በኖታ ጻፉ። እኔ የማደንቃቸው በዚህ ነው፤ አስተማሪ ሆነው የመጡበትን ሙዚቃ መጀመሪያ ራሳቸው ተማሩት።

ሲመጡ ሀገር አልባ ነበሩ። ወረቀት የሌለው ሰው ኑሮ ምን እንደሚመስል ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የኢትዮጵያ ዜግነት ያገኙት ብዙ ዓመት ካገለገሉ በኋላ ነው።

በ1977፣ ደርግ የሰዓት እላፊ አውጆ የማታው ሙዚቃ በተዳከመበት ዘመን፣ አረፉ። ከብዙ ዓመታት በኋላ ኢዘር ኦርኬስትራ የተባለ የቦስተን የጃዝ ባንድ እሳቸው ያቀናበሯቸውን ሥራዎች ተጫውቷል።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ስፒከር ይዤ ክፍል እመጣለሁ። የዚያን ዘመን ዘፈን እንከፍታለን፤ ትራምፔቱ ከሳክስፎኑ ተለይቶ ሲሰማችሁ እጃችሁን አውጡ።