አሮጌ የማይንቁት ጃፓናዊ

ሰሞኑን አንድ የሙያ ባልደረባዬ ቢሮዬ ሲገባ እንደተለመደው ስለ ቀጠሮና ስለ መዝገብ ሊያወራኝ መስሎኝ ነበር፡፡ እሱ ግን የመጣው ስለ ቪዲዮ ጌም ሊያማክረኝ ነው፡፡ ለልጁ ልደት አዲስ መጫወቻ ከውጭ አስመጥቶለታል፡፡ ልጁም ቁም ሣጥን ውስጥ በጥንቃቄ ካስቀመጣቸው የድሮ ሲዲዎች አንዱን ቢከትበት መሣሪያው አላውቀውም ብሎ መለሰለት፡፡ የኩባንያው ስም ያው ነው፣ ሲዲውም አልተጫረም፡፡ ባልደረባዬ ማወቅ የፈለገው ገንዘብ ከፍሎ የገዛው ነገር የራሱ ይሁን አይሁን ነበር፡፡

የሰጠሁት መልስ ያጠገበው አልመሰለኝም፡፡ ማታ ቤቴ ገብቼ ጉዳዩን ሳወጣ ሳወርድ ግን ትዝ ያሉኝ የሕግ አንቀጽ ሳይሆኑ አንድ ሰው ናቸው፡፡ ጉንፔይ ዮኮይ ይባላሉ፡፡ ከሞቱ ሩብ ምዕት ዓመት አልፏቸዋል፡፡ አዲስ መሣሪያ የአሮጌውን ጨዋታ ማጫወት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን ክርክር የእሳቸውን ሕይወት ያህል የሚያብራራልኝ አላገኘሁም፡፡

ዮኮይ እ.ኤ.አ. በ1941 በጃፓኗ ኪዮቶ ከተማ ተወለዱ፡፡ በዚያው ከተማ በዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሮኒክስ ተምረው በ1965 ኒንቴንዶ በተባለ ኩባንያ ተቀጠሩ፡፡ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፡፡) የዛሬ አንባቢ ኒንቴንዶ ሲባል ወዲያው ጌም ይታየዋል፡፡ ያን ጊዜ ግን በ1889 የተመሠረተ የካርታ ፋብሪካ ነበር፤ ሃናፉዳ የሚባለውን የአበባ ሥዕል ያለበትን የጃፓን መጫወቻ ካርታ ያትማል፡፡ ወጣቱ መሐንዲስ የተሰጣቸው ሥራ ካርታ የሚያመርቱትን ማሽኖች መጠገን ነው፡፡ ማሽኑ ካልተበላሸ ሥራ የለም፡፡

ሥራ በሌለበት ሰዓት ለራሳቸው መዝናኛ አንድ ነገር ሠሩ፤ እጀታው ሲጨበጥ እንደ መቀስ እየተዘረጋ ሄዶ ዕቃ የሚይዝ ክንድ፡፡ በ1966 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ፋብሪካውን ሲጎበኙ ይህንን አዩ፡፡ ያማውቺ ኮስታራና በሠራተኞቻቸው ዘንድ የሚፈሩ ሰው ነበሩ፡፡ ዮኮይ ወደ ቢሮ ሲጠሩ ሊገሠጹ መስሏቸው ነበር፤ የጠበቃቸው ግን ክንዱን ለገና ገበያ እንዲያደርሱ የሚያዝ ትእዛዝ ነው፡፡ «አልትራ ሃንድ» ተብሎ የወጣው ይህ መጫወቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ፡፡ ጠጋኙም የመጫወቻ ፈልሳፊ ሆነው አረፉት፡፡

ከዚያ በኋላ በሠሯቸው ነገሮች ሁሉ አንድ ጠባይ ይታያል፡፡ አዲስ የወጣ፣ ውድና ገና ያልተፈተነ ቴክኖሎጂ አያጓጓቸውም፡፡ ሌሎች እስኪሰለቹት የተጠቀሙበትን፣ ዋጋው የወደቀውን፣ ጉድለቱ የታወቀውን ዕቃ ያነሱና ማንም ላላሰበው አገልግሎት ያውሉታል፡፡ ለምሳሌ በ1970 በወጣው የመጫወቻ ጠመንጃቸው ላይ የፀሐይ ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠውን ሶላር ሴል ኢላማው መመታቱን እንዲያውቅ አደረጉት፡፡ ሶላር ሴሉን ሊሸጡላቸው ከሻርፕ ኩባንያ ይመጡ የነበሩት ማሳዩኪ ኡዌሙራ በኋላ ራሳቸው ኒንቴንዶ ገቡ፡፡ ይህንን ስም ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ፡፡

በሰባዎቹ መጨረሻ ዮኮይ በፈጣኑ ባቡር ሲጓዙ አንድ የሰለቸው ሠራተኛ ኪስ ካልኩሌተሩን እየነካካ ጊዜ ሲገድል ተመለከቱ፡፡ ጨዋታ በዚያች ትንሽ መስታወት ላይ ቢሆንስ ብለው አሰቡ፡፡ ሐሳቡ ለአለቃ የደረሰው ደግሞ በአጋጣሚ ነው፤ የያማውቺ ሾፌር ታሞ ዮኮይ መኪናውን እንዲነዱ ተደረገና መንገድ ላይ አነሱት፡፡ ያማውቺ ያን ቀን በሄዱበት ስብሰባ ከሻርፕ ፕሬዚዳንት ጎን ተቀመጡ፡፡ ሻርፕ ከካሲዮ ጋር በካልኩሌተር ዋጋ ሲፋለም የከረመ ኩባንያ ስለነበር የመስታወቱን ቴክኖሎጂ ጠንቅቆ ያውቀዋል፡፡ በ1980 «ጌም ኤንድ ዎች» የተባለው የኪስ መጫወቻ ወጣ፡፡ እስከ 1991 ድረስ ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል፡፡ በ1982 በወጣው የ«ዶንኪ ኮንግ» መጫወቻ ላይ ያደረጉት የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ ደግሞ ዛሬም ልጆቻችን በግራ አውራ ጣታቸው የሚጫኑት ነው፡፡

ታዲያ ጌም ኤንድ ዎች አንድ ጉድለት ነበረው፡፡ አንዱ መሣሪያ የሚያጫውተው የተሠራበትን ጨዋታ ብቻ ነው፡፡ ሌላ ጨዋታ ያማረው ሌላ መሣሪያ ይግዛ ማለት ነው፡፡ ዮኮይና ክፍላቸው ለዚህ የሰጡት መልስ በ1989 የወጣው «ጌም ቦይ» ነው፤ መሣሪያው አንድ፣ የጨዋታው ካሴት ግን የፈለጉትን ያህል፡፡

ጌም ቦይ በወጣበት ቀንም ቢሆን አሮጌ ነበር ማለት ይቻላል፡፡ መስታወቱ ቀለም አልባ፣ አረንጓዴ መሰል፣ አራት ዓይነት ጥላ ብቻ የሚያሳይ ነው፡፡ መብራት ስለሌለው ጨለማ ውስጥ አይታይም፡፡ በዚያው ዓመት አታሪ፣ በማግስቱ ደግሞ ሴጋ ባለ ቀለምና ባለ መብራት መጫወቻ አወጡ፡፡ እነሱ ስድስት ባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓታት ሲጨርሱ የዮኮይ ግን በአራት ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሄዳል፡፡ በአሜሪካ የተሸጠው ከ90 ዶላር ባነሰ ዋጋ ነው፤ ከሩሲያዊው አሌክሲ ፓጂትኖቭ «ቴትሪስ» ጋር ተጠቃልሎ፡፡ (በእኛም አገር በየሱቁ ይሸጡ የነበሩትን፣ ጡብ የሚደረደርባቸውን የፕላስቲክ መጫወቻዎች የሚያስታውስ አንባቢ የቴትሪስን ልጆች ያውቃል፡፡)

ወደ ኡዌሙራ ልመለስ፡፡ እኒያ የሶላር ሴል ሻጭ የነበሩት ሰው በኒንቴንዶ ከቴሌቪዥን ጋር የሚያያዘውን ፋሚኮም፣ ቀጥሎም በ1990 የወጣውን ሱፐር ፋሚኮም የነደፉት ናቸው፡፡ አዲሱ የአሮጌውን ካሴት እንዲያጫውት ታስቦ ነበር፤ አንጎሉ ሆኖ የተመረጠውም ቺፕ የቀድሞውን ቋንቋ የሚያውቅ ዘር ነበር፡፡ ይሁንና መሣሪያውን ያስወድደዋል ተብሎ ተተወ፡፡ በ1991 አሜሪካ ሲደርስ ለልጆቻቸው ካሴት ሲገዙ የኖሩ ወላጆች ቅሬታቸውን አሰሙ፡፡ የባልደረባዬ ጥያቄ እንግዲህ አዲስ አይደለም ማለት ነው፡፡ ኩባንያው ቅሬታውን ሰምቶ አለፈ፤ ሱፐሩም በሚሊዮኖች ተሸጠ፡፡ ለሻጩ ያዋጣል የሚሉ ወገኖች ዛሬም የሚጠቅሱት ይህንን ነው፡፡

የዮኮይ ጌም ቦይ ግን በሌላ መንገድ ሄደ፡፡ ሳይለወጥ ቆየ፡፡ በ1996 መጀመሪያ፣ መሣሪያው ሰባት ዓመት ሊሞላው ሲል፣ «ፖኬሞን» የተባለው ጨዋታ በጃፓን ወጣለት፡፡ ያረጀ ያፈጀ የተባለ መጫወቻ እንደገና የልጆች ሁሉ ምኞት ሆነ፡፡ በ1989 የገዛ ሰው አዲስ መሣሪያ መግዛት ሳያስፈልገው የ1996ን ጨዋታ ተጫወተ፡፡ በዚህ ዘመን ይህንን የምናገኘው ከስንት ዕቃ ነው?

ዮኮይ ራሳቸው አንድ ጊዜ ከመንገዳቸው ወጥተዋል፡፡ በ1995 «ቨርቹዋል ቦይ» የተባለውን፣ ዓይን ተደግኖ የሚታይ፣ ምስሉን ጥልቀት ያለው አስመስሎ የሚያሳይ መጫወቻ አወጡ፡፡ ርካሽ ክፍል የመምረጥ ልማዳቸው እዚህም አለ፤ ቀይ መብራት ርካሽና ባትሪ ቆጣቢ ስለሆነ ሁሉ ነገር ቀይና ጥቁር ሆነ፡፡ ግን ከዚህ በፊት የነበረ አንድም ካሴት አይቀበልም፤ ጌም ቦይ ላይ የተከማቸው ሀብት ሁሉ ለእሱ ባዳ ነው፡፡ ገዢው ከዜሮ ይጀምር ተባለ፡፡ ተጫዋቾች ዓይናቸውንና ራሳቸውን አመማቸው፤ በጃፓንና በአሜሪካ ተደምሮ የወጡለት ጨዋታዎች 22 ብቻ ናቸው፤ የተሸጠውም አንድ ሚሊዮን አልሞላም፡፡ ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ወጣ፡፡

እርግጥ ነው፣ ቨርቹዋል ቦይ የወደቀው አሮጌ ካሴት ባለማጫወቱ ብቻ ነው ብል ዳኛ ፊት አያስኬደኝም፡፡ ራስ ምታቱ ብቻውን ይበቃዋል፡፡ ነገር ግን ያለፈውን ይዞ የሚመጣ መሣሪያ በመጀመሪያው ቀን የሚያጫውተው ነገር አያጣም፤ ባዶ እጁን የሚመጣ ግን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ጨዋታዎች ካላዳኑት የሚያድነው የለም፡፡ ሱፐር ፋሚኮምን እነዚያ ጥቂቶች አዳኑት፡፡ ቨርቹዋል ቦይን አላዳኑትም፡፡

ዮኮይ በነሐሴ 1996 ከ31 ዓመት አገልግሎት በኋላ ኒንቴንዶን ለቀቁ፡፡ ብዙዎች በውድቀቱ ተገፍተው ነው አሉ፤ እሳቸው ግን ምክንያቱ ያ እንዳልሆነ ገልጸዋል፡፡ ኮቶ የሚባል የራሳቸውን ትንሽ ድርጅት ከፍተው ለባንዳይ ኩባንያ አዲስ የእጅ መጫወቻ መንደፍ ጀመሩ፡፡ ጥቅምት 4 ቀን 1997 በኢሺካዋ ግዛት በፈጣን መንገድ ላይ የተሳፈሩበት መኪና ከፊት ካለ የጭነት መኪና ጋር ተጋጨ፡፡ የደረሰውን ጉዳት ለማየት ወረዱ፡፡ ከኋላ የመጣ ሌላ መኪና ገጫቸው፡፡ 56 ዓመታቸው ነበር፡፡

ከሞቱ አንድ ዓመት በኋላ በ1998 ጌም ቦይ ከለር ወጣ፤ የ1989ን ካሴት ተቀበለ፣ እንዲያውም ቀለም ቀባለት፡፡ በ2001 የወጣው ጌም ቦይ አድቫንስ አዲስ አንጎል ቢገጠምለትም የአሮጌው አንጎል ዘር አብሮ ተቀመጠለት፤ ለአሮጌ ካሴት ሲባል ብቻ፡፡ በ2004 የወጣው ዲኤስ ደግሞ የአድቫንስን ካሴት ይቀበል ነበር፡፡ ጌም ቦይና ጌም ቦይ ከለር ተደምረው ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል፡፡ በሌላው ኩባንያ በሶኒም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል፡፡ በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 የቀዳሚውን ሲዲ ያጫውት ነበር፡፡ በ2006 የወጣው ፕሌይስቴሽን 3 መጀመሪያ ላይ የ2ን ቺፕ በውስጡ ይዞ መጣ፤ በዓመቱ ግን ዋጋ ለመቀነስ ሲባል ወጣለት፡፡ ወጪው እውነተኛ ነው፣ አልክድም፡፡

ለባልደረባዬ የሰጠሁት መልስ ይህ ነበር፡፡ በእኛ አቆጣጠር የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በግዙፍ ነገር ላይ ከባለሀብትነት የሚሰፋ መብት አያውቅም፡፡ ስለዚህ ሲዲው የእሱ ነው፣ ቢፈልግ ይሰብረው፣ ቢፈልግ ይሽጠው፡፡ ባለሀብትነቱ ግን ኩባንያው ነገ የሚሠራውን ማሽን ለሲዲው እንዲያመቻች አያስገድደውም፡፡ ሕጉ ይህ ነው፤ ፍትሕ ነው ወይ ከተባልኩ ግን እጠራጠራለሁ፡፡ የኩባንያውን ስም ያገነኑት እነዚያን ሲዲዎች የገዙ ሰዎች ናቸውና ሻጩ የሚችለውን ያህል አሮጌውን ሊሸከምላቸው ይገባል፤ መሸከም ካቃተው ደግሞ ሌሎች ሲጠብቁት ባይከለክል፡፡ በ2023 የቪዲዮ ጌም ታሪክ ፋውንዴሽን ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡ ጨዋታዎች 87 በመቶው በገበያ ላይ አይገኙም፡፡ በማግስቱ ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ለተመራማሪዎች ከርቀት እንዲያሳዩ የቀረበውን ጥያቄ የአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ውድቅ አድርጎታል፡፡

ኒንቴንዶ በ2025 የቨርቹዋል ቦይን ጨዋታዎች በአዲሱ መሣሪያው ላይ እንደሚያመጣ አስታውቋል፡፡ የሚመጡት ግን በኪራይ ነው፤ ክፍያው ሲቋረጥ ጨዋታውም ይቋረጣል፡፡ በ1995 ካሴቱን የገዛ ሰው እንደ ማንም እንደገና ይከፍላል፡፡

ዮኮይ የጀመሩት የባንዳይ መጫወቻ «ዎንደርስዋን» ተብሎ መጋቢት 1999 ወጣ፡፡ ያለ ቀለም ነው፣ ርካሽ ነው፣ በአንድ ባትሪ ድንጋይ ብቻ ይሠራል፡፡ አብሮት ከወጡት ጨዋታዎች አንዱ በስማቸው ጉንፔይ ተባለ፡፡ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ባለ ቀለሙ ዎንደርስዋን ሲተካው የጉንፔይን ካሴት ተቀብሎ አጫወተ፡፡