ቶማስ ዮሐን ዜቤክ (1770–1831)

የእሳትን ግለት በዓይን መገመት ከጥንት ጀምሮ የቀጥቃጭ ሙያ ነው። ማረሻ የሚያወጣ ባለ እጅ ብረቱ ሲፍም፣ ሲቀላ፣ ከዚያም ወደ ንጣት ሲያደላ እያየ መዶሻውን ያነሣል። በደብረ ታቦር አጠገብ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ባቋቋሙት የብረታ ብረት ሥራ ቦታ እ.ኤ.አ. በ1867 ዓ.ም. ሴባስቶፖል የተባለው ትልቅ መድፍ ሲሠራ፣ ነሐሱ ለመፍሰስ መድረሱ የታወቀው በዓይንና በልምድ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። ሆኖም ግለትን በቁጥር የሚናገር መሣሪያ የሚሠራበት መንገድ ከዚያ 46 ዓመት አስቀድሞ በበርሊን ከተማ ተገኝቶ ነበር። መንገዱን ያገኘው ሰው ግን እሳት ለመለካት አላሰበም፤ ያገኘውንም ነገር ምንነት እርሱ ራሱ በትክክል አልተረዳውም። ይህ ሰው ቶማስ ዮሐን ዜቤክ ይባላል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ዜቤክ ኤፕሪል 9 ቀን 1770 ዓ.ም. በባልቲክ ባሕር ዳርቻ በምትገኘው በሬቫል ከተማ ከአንድ ባለጸጋ የጀርመን ነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዋ በዚያን ጊዜ በሩስያ ግዛት ሥር የነበረች ስትሆን፣ ዛሬ ታሊን ተብላ የኤስቶኒያ ዋና ከተማ ናት። ወጣቱ በበርሊንና በጎቲንገን ሕክምና ተምሮ በ1802 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። ነገር ግን ቤተሰቡ ሀብታም ስለ ነበረ ለዕለት እንጀራ ሲል በሽተኛ የማየት ግዴታ አልነበረበትም። ስለዚህ የሐኪምነቱን ሥራ ትቶ በተማረው ሳይሆን በወደደው ሙያ ለመኖር ቈረጠ። በዚያው ዓመት ወደ ዬና ከተማ ሄደ። በዩኒቨርሲቲ ወንበር ሳይኖረው፣ በግሉ ገንዘብና በግሉ መሣሪያዎች ምርምሩን ጀመረ።

ዬና በዚያ ዘመን የታላላቅ ደራስያንና ፈላስፎች መናኸሪያ ነበረች። ዜቤክ ከባለቅኔው ከጎተ ጋር ተወዳጅቶ በብርሃንና በቀለማት ላይ አብሮት ይመራመር ነበር። በ1810 ዓ.ም. ወረቀት ላይ እርጥብ የብር ክሎራይድ ቀብቶ በፕሪዝም የተከፋፈለ የፀሐይ ብርሃን ቢያሳርፍበት፣ ወረቀቱ ያረፉበትን ቀለማት ራሳቸውን መሰለ። ይህ የሆነው የፎቶግራፍ አሠራር በፓሪስ ለሕዝብ ከመገለጡ 29 ዓመት አስቀድሞ ነው። ቀለማቱ ግን የሚጸኑ አልነበሩም፤ ዜቤክም ነገሩን መዝግቦ ወደ ሌላ ሥራ አለፈ። ከዬና በኋላ በባይሮይትና በኑረምበርግ ተቀመጠ። በ1816 ዓ.ም. ስለ ብርሃን ባደረገው ጥናት የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ የሰጠውን ሽልማት ከስኮትላንዳዊው ከብሩስተር ጋር ተካፈለ። በ1818 ዓ.ም. ደግሞ የፕሩስያ የሳይንስ አካዳሚ አባል ወደ ሆነበት ወደ በርሊን ተዛወረ።

በ1820 ዓ.ም. ኧርስቴድ የተባለው የዴንማርክ ተመራማሪ፣ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ የኮምፓስን መርፌ ከአቅጣጫው እንደሚያዞር አስታወቀ። ወሬው በአውሮፓ ሁሉ ሲሰማ ብዙ ሊቃውንት ሙከራውን መድገም ጀመሩ፤ ዜቤክም አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ የኤሌክትሪክ ምንጭ የሚሆነው በሁለት ብረቶች መካከል አሲድ ወይም ሌላ ፈሳሽ የገባበት ባትሪ ነው። ዜቤክ ፈሳሹን ቢተወውስ ምን ይሆናል ብሎ አሰበ። ቢስሙት የተባለውን ብረትና መዳብን አጋጥሞ ቀለበት ሠራና በመካከሉ ኮምፓስ አስቀመጠ። የቀለበቱን አንድ መጋጠሚያ በጣቱ ሲጫን መርፌዋ ተንቀሳቀሰች።

መርፌዋን ያንቀሳቀሳት ምን ነበር? ዜቤክ በመጀመሪያ የጠረጠረው የጣቱን ላብ ነው፤ እርጥበቱ የባትሪውን ፈሳሽ ቦታ የተካ መሰለው። ነገር ግን ግምቱን እንደ እውነት አልቈጠረውም። በእጁና በብረቱ መካከል ልዩ ልዩ ነገር እያስገባ ደጋግሞ ሞከረ። በመጨረሻም ሥራውን የሠራው እርጥበቱ ሳይሆን የእጁ ሙቀት መሆኑን ደረሰበት። መጋጠሚያውን በመብራት ነበልባል ቢያሞቀው መርፌዋ ይበልጥ ዞረች። ማሞቁን ትቶ ቢያቀዘቅዘው ደግሞ ወደ ተቃራኒው ወገን ዞረች። ከዚህ በኋላ ያገኘውን ብረትና ማዕድን ሁሉ ጥንድ ጥንድ እያደረገ ፈተነ፤ እንደ ኃይላቸውም በተራ ደረደራቸው። ቢስሙት በአንዱ ዳር፣ አንቲሞኒና ቴሉሪየም በሌላው ዳር ዋሉ። ያ ዝርዝር በትዕግሥት የተሠራ ስለ ሆነ፣ ለኋለኞቹ ተመራማሪዎች ከራሱ ከዜቤክ ማብራሪያ ይልቅ ጠቅሟቸዋል።

ማብራሪያው ስሕተት ነበረና። ዜቤክ ዓይኑ ያየው የማግኔት መርፌ ሲዞር ነው፤ ስለዚህ የሙቀት ልዩነት ብረቶችን ማግኔት ያደርጋቸዋል ብሎ ደመደመ። እንዲያውም የመሬት ማግኔትነት ራሱ ከመሬት የሙቀት ልዩነት የመጣ ሳይሆን አይቀርም እስከ ማለት ደረሰ። ኧርስቴድ ግን ነገሩን በሌላ መልክ አየው፤ ሙቀቱ የሚፈጥረው ኤሌክትሪክን ነው፣ መርፌዋን የሚያዞራትም በቀለበቱ ውስጥ የሚዞረው ኤሌክትሪክ ነው አለ። የቀለበቱ አንድ ጎን ቢቈረጥ መርፌዋ የማትንቀሳቀስ መሆኗ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ዜቤክ ግን ኧርስቴድ ለክሥተቱ ያወጣውን ስም ተቃወመ፤ ማግኔት የሚለውን ቃል አልለቀቀም። በላብ የተነሣ የመጣበትን ግምት ወዲያው የፈተነ ሰው ይህን ሁለተኛውን ግምቱን ያን ያህል አለመጠራጠሩ ያስገርማል።

ሥራው ግን ማብራሪያውን አልጠበቀም። በ1826 ዓ.ም. ጀርመናዊው ኦም የኤሌክትሪክን ሕግ ሲፈልግ፣ የዘመኑ ባትሪ ኃይሉ ከፍ ዝቅ እያለ አስቸግሮት ነበር። ስለዚህ የዜቤክን ቢስሙትና መዳብ ወሰደ። አንዱን መጋጠሚያ በፈላ ውሃ፣ ሌላውን በበረዶ ውስጥ አድርጎ የማይዋዥቅ ኤሌክትሪክ አገኘ። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የሚጠናው የኦም ሕግ የተገኘው በዚህ ዘዴ ነው። ዜቤክ ከዚህ በኋላ አምስት ዓመት ኖሮ ዲሴምበር 10 ቀን 1831 ዓ.ም. በበርሊን ሞተ።

የሁለት ብረቶች መጋጠሚያ ለእቶን መለኪያነት በሚገባ የዋለው በ1880ዎቹ ዓመታት፣ ፈረንሳዊው ለ ሻተልዬ ፕላቲነምንና የፕላቲነምና የሮዲየም ቅልቅልን ባጣመረ ጊዜ ነው። መሣሪያው ቴርሞካፕል ይባላል። ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ግን ክሮመልና አሉመል ከሚባሉ ርካሽ የኒኬል ቅልቅሎች ሲሆን፣ አነስተኛ መሣሪያ ያለው ባለሙያ በቤቱ ሊበይደው ይችላል። ሁለቱ ሽቦዎች በመልክ ስለሚመሳሰሉ አስቀድሞ ማግኔት ያስጠጋባቸዋል፤ አሉመል ይሳባል፣ ክሮመል አይሳብም። ጫፎቹን በቆርቆሮና በእርሳስ ቅልቅል ቢያጣብቃቸው፣ መጋጠሚያው በሙሉ እኩል እስከ ሞቀ ድረስ ሦስተኛው ብረት ልኩን አያዛባውም፤ ነገር ግን ቅልቅሉ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ ለእቶን አይሆንም። ጠምዝዞ ብቻ ቢተወው ደግሞ ግለቱ የሚያመጣው ዝገት በመካከላቸው ይገባል። ስለዚህ ጫፎቹን በሞረድ አጽድቶ አንድ ሁለት ዙር ብቻ ያጠማዝዛቸዋል። ጥምዝምዙ ከረዘመ መሣሪያው የሚናገረው የጫፉን ሳይሆን ሽቦዎቹ መጀመሪያ የተነካኩበትን ቦታ ሙቀት ነው። ከዚያም በጋዝ ነበልባል ወይም በካርቦን ዘንግ በሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልጭታ ጫፉን ለቅጽበት ያቀልጠዋል፤ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ብረቱ ይቃጠላል። በትክክል የተበየደ እንደ ሆነ፣ ከጤፍ ፍሬ ከፍ፣ ከማሽላ ፍሬ ዝቅ ያለች ክብ ጠብታ በጫፉ ላይ ትቀራለች። ይህች ጠብታ ከሌላው የሽቦዎቹ ጫፍ በአንድ ዲግሪ በበለጠች ቍጥር የምትሰጠው ኤሌክትሪክ ከአንድ ቮልት ሚሊዮን እጅ 41 ያህሉ ነው።