ሃንስ ፒተር ሉን፤ ከጨርቅ ክር እስከ ቃል ፍለጋ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ዳገት ላይ ዶርዜ ይገኛል። በዚያ ሙያውን የተካነ ሸማኔ የሸማውን ጥብቀት ለማወቅ ክሩን አንድ በአንድ ሲቈጥር አይውልም፤ ዳሰስ አድርጎ ይፈርዳል። የመጽሔቱ አዘጋጆች በሰፋፊ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ውስጥ አንድን ቃል ፈልገው ስለሚያገኙ መሣሪያዎች እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ አስቀድሞ ትዝ ያለኝ ይኸው ዳሰሳ ነው። ምክንያቱም የዚህን ጥበብ መሠረት ከጣሉት ሰዎች አንዱ የሆነው ሃንስ ፒተር ሉን ወደ ኮምፒዩተር የመጣው ከጨርቅ ሥራ ነው።

ሉን እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1896 በጀርመን አገር፣ በጨርቃ ጨርቅ በታወቀችው በባርመን ከተማ ተወለደ። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ አታሚ ስለ ነበረ እርሱም የኅትመት ሙያ ለመማር ወደ ስዊስ ተላከ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በጀርመን ጦር የመገናኛ ክፍል አገለገለ። ከዚያም በጨርቅ ንግድ ተሰማርቶ በ1920ዎቹ ወደ አሜሪካ ተሻገረ።

በአሜሪካ ሉኖሜትር የተባለውን የክር መቍጠሪያ ፈለሰፈ። መሣሪያው ረቂቅ መሥመሮች የተሠመሩበት፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ገበታ ነው። በጨርቅ ላይ ሲያኖሩት መሥመሩና ክሩ ተደራርበው ሞገድ የመሰለ ጥላ ይሠራሉ፤ ጥላው ከሚያርፍበት ቦታም የክሩ ቍጥር ይነበባል። እንግዲህ ተጠቃሚው አንዲት ክር ሳይቈጥር ቍጥሩን ያውቃል፤ ድካሙ ገበታው በተሠራበት ጊዜ አስቀድሞ ተከፍሏልና። ሉን በሕይወቱ ከ80 በላይ የፈጠራ መብቶችን አስመዝግቧል፤ ከእነርሱም መካከል ተጣጣፊ የዝናብ ልብስና የመጠጥ ቅመማ መምረጫ ሳይቀሩ ይገኛሉ።

በ1941፣ ዐርባ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ፣ አይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ገባ። በ1947 ሁለት የኬሚስትሪ ሊቃውንት ጄምስ ፔሪና ማልኮም ዳይሰን የሙያቸው ጽሑፍ ከመብዛቱ የተነሣ በመኪና ለመፈለግ እንዲቻል የኩባንያውን እርዳታ ጠየቁ፤ ሥራውም ለሉን ተሰጠ። ከዚያ ወዲያ ከፍለጋ ጉዳይ አልወጣም።

በጃንዋሪ 1953 ለመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች በጻፈው ማስታወሻ አንድ ሐሳብ አቀረበ። መዝገብ የሚታወቅበትን ቍልፍ በቀላል ስሌት መንዝሮ፣ ውጤቱ ራሱ መዝገቡ የሚቀመጥበትን ሣጥን እንዲያመለክት ማድረግ ይቻላል። ሁለት መዝገቦች አንድ ሣጥን ቢደርሳቸው በሰንሰለት ይያያዛሉ። ፈላጊው መዝገቡን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ማሰስ አያስፈልገውም፤ ስሌቱን ሠርቶ ወደ ሣጥኑ በቀጥታ ይሄዳል። ዛሬ ሃሽ የምንለው አሠራር ይህ ነው። የክሬዲት ካርድ ቍጥር በስሕተት እንዳይጻፍ የሚቈጣጠረውም ስሌት የእርሱ ነው፤ መብቱ በ1960 ተሰጥቶታል።

ስሙን በሙያው ዓለም ያስጠራው ግን በ1958 በዋሽንግተን በተደረገው የሳይንሳዊ መረጃ ጉባኤ ያሳየው፣ ክዊክ የተባለው ማውጫ ነው። ለምሳሌ «የአባያ ሐይቅ የውሃ መጠን» የሚል የጽሑፍ አርእስት ቢኖር፣ መኪናው እያንዳንዱን ቃል በተራ ወደ ዓምዱ መካከል አምጥቶ በፊደል ተራ ያሰልፈዋል፤ በፊቱና በኋላው ያሉት ቃላትም አብረው ይታያሉ። እጅግ የተለመዱ አገናኝ ቃላት ብቻ ይተዋሉ። ሐሳቡ ፈጽሞ አዲስ አልነበረም። ክሬስታዶሮ በማንቸስተር ቤተ መጻሕፍት በ1864 የሚቀራረብ ሥራ ሠርቷል፤ ሄርበርት ኦልማንም በዚያው ጉባኤ ተመሳሳይ ማውጫ አቅርቧል። ትችትም አልታጣም፤ በአርእስቱ ያልተጻፈውን ቃል ማውጫው አያውቀውምና። በእኔ አስተያየት ግን የሉን ድፍረት እዚህ ላይ ነው፤ መኪናው ትርጕም እንዲያውቅ አልጠየቀም፤ ቃሉን ከነአካባቢው አቅርቦ ፍርዱን ለአንባቢው ተወ። ኬሚካል ታይትልስ የተባለው መጽሔት ከ1961 ጀምሮ በዚሁ ዘዴ ታተመ።

ሉን በ1961 ጡረታ ወጣ። በ1964 የአሜሪካ የዶኩሜንቴሽን ኢንስቲትዩት ፕሬዚዳንት ሆኖ ሳለ፣ ኦገስት 19 ቀን በደም ካንሰር ዐረፈ።

የዩኒክስ መማሪያ መጽሐፍ በክዊክ አምሳል የተዘጋጀ ማውጫ ነበረው። በ1973 የወጣው የኬን ቶምሰን ግሬፕ ግን ጽሑፉን መሥመር በመሥመር ያነባል፤ ይህም ለመጠነኛ ፕሮግራም ይበቃል። እንደ ሊነክስ ከርነል ከ30 ሚሊዮን መሥመር በላይ ለሆነ ሥራ፣ በተለይም ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጠይቅ፣ ወደ ሉን መንገድ መመለስ ግድ ሆነ። ጉግል በ2006 ያወጣው የፕሮግራም መፈለጊያ ሦስት ሦስት ተከታታይ ፊደል አስቀድሞ የመዘገበ ማውጫ ነበረው።

የእኛ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ከላይ የጠቀስሁትን አርእስት እንደ ተጻፈ ብናሰልፈው «የአባያ»ም «የውሃ»ም በ«የ» ሥር ይውላሉ፤ የእንግሊዝኛው አገናኝ ቃል ለብቻው ቆሞ ሲጣል የእኛው ከቃሉ ጋር ተጣብቋልና። «ሐይቅ» ብሎ የጻፈውንም ፕሮግራመር «ሀይቅ» ብሎ የሚፈልገው ባልደረባው አያገኘውም። የሦስት ፊደል ማውጫ የመነሻ ቅጥያውን ችግር ያቃልል ነበር። ነገር ግን በዚያው ዘዴ ተሠርቶ በ2012 ለሕዝብ በተለቀቀው ፕሮግራም ሦስት ፊደል የሚባለው ሦስት ባይት ነው፤ አንድ የግእዝ ፊደል ደግሞ በዩ.ቲ.ኤፍ. 8 አጻጻፍ ብቻውን ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ ከእንግሊዝኛ ሦስት ፊደል የሚያጠምደው ማውጫ ከአማርኛ የሚያጠምደው አንድ ብቻ ነው። በአርባ ምንጭ ለሚሠሩ ባልደረቦች ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ በጋሞኛ ቅጥያዎች በአብዛኛው ከቃሉ በኋላ ስለሚመጡ የቃሉ ራስ ከስፍራው አይናወጥም፤ የሉን ማውጫ ከአማርኛ ይልቅ ለጋሞኛ ይመቻል።