ገርትሩድ ኤሊየንና የቫይረሱ ዲ ኤን ኤ

ደዶ ያደገ ሰው ምችን ሳያውቅ አይቀርም። ትኩሳት ይዞት ሲነሳ ከንፈሩ ዳር ውሃ የቋጠረች ቁስል ብቅ ትላለች፤ እናቶችም ዳማከሴ አሽተው ይቀቡታል። አልማዝ ባለጭራ ደግሞ ትብሳለች፤ በአንድ ጎን ብቻ ይዛ ታቃጥላለች። ምች የምንለው ሁሉ ሄርፐስ ባይሆንም የከንፈሯ ቁስልም ሆነች አልማዝ ባለጭራ ከሄርፐስ ቫይረስ ቤተሰብ የሚመጡ ናቸው። ለሁለቱም የሚታዘዘው አሲክሎቪር ሲነሳ የገርትሩድ ኤሊየን ስም አብሮ ይነሳል።

ኤሊየን እ.ኤ.አ. በ1918 ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ ከስደተኛ ወላጆች ተወለደች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። 15 ዓመቷ ሳለ አያቷ በጨጓራ ካንሰር ሞቱ፤ ሳይንስን የመረጠችው ያኔ ነው። በ1937 ከሀንተር ኮሌጅ በኬሚስትሪ ተመረቀች። ታዲያ ሥራ የት ይገኛል? ሴት ላቦራቶሪ ከገባች የወንዶቹን ሐሳብ ትበትናለች ተብላ የተመለሰችበትም ቦታ ነበር። ነርሶች አስተማረች፣ ያለ ደመወዝ ሠራች፣ በአንድ የምግብ ድርጅት አቸቶ ውስጥ የተዘፈዘፈ ኪያር ምን ያህል እንደኮመጠጠ ስትለካም ቆየች። በዚህ መሀል እጮኛዋ በልብ ኢንፌክሽን ሞተባት፤ ፔኒሲሊን ገና ለሕዝብ አልደረሰም ነበር።

በ1944 ቡሮውስ ዌልካም የመድኃኒት ኩባንያ ገብታ ከጆርጅ ሂቺንግስ ጋር መሥራት ጀመረች። በማታ የጀመረችውን ፒ ኤች ዲ፣ ሥራሽን ትተሽ በቀን ተማሪ ስትባል ተወችው። ሐሳባቸው ቀላል ነው፦ የዲ ኤን ኤን ጡብ የሚመስል ግን የማይሆን ጡብ ሠርቶ ግንባታውን ማሰናከል። በዚሁ መንገድ የሕፃናት የደም ካንሰር መድኃኒት የሆነው ሜርካፕቶፑሪን በ1953 ተፈቀደ።

አሲክሎቪርን የሠራው ግን ሃዋርድ ሼፈር ነው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል። የኤሊየን ቡድን እንዴት እንደሚሠራ ፈትቶ በ1977 አሳተመ። መድኃኒቱ ሥራ የሚጀምረው የቫይረሱ የራሱ ኤንዛይም፣ ቲሚዲን ካይኔዝ፣ የመጀመሪያውን ፎስፌት ሲሰካበት ነው፤ ሁለቱን ፎስፌቶች የሰው ሴል ይጨምራል። ከዚያ የዲ ኤን ኤ ሰንሰለት ውስጥ ሲገባ ቀጣዩ ጡብ የሚያያዝበት ቦታ ስለሌለው ሰንሰለቱ እዚያው ይቆማል። ቫይረስ የሌለበት ሴል ይህ የቫይረሱ ኤንዛይም ስለሌለው ብዙም አይነካም።

ፈተና ላይ የምንሳሳተው እዚህ ነው። ዲ ኤን ኤው ቆመ ማለት ሁሉም ነገር ቆመ ማለት እኮ አይደለም። ቀዳሚዎቹ የቫይረስ ፕሮቲኖች የሚሠሩት ከዲ ኤን ኤ ቅጂው በፊት ስለሆነ አንቲጂናቸው ሴሉ ውስጥ ይታያል። የሚቀንሱት ወይም የሚጠፉት ኋለኞቹ ናቸው። ካፕሲድ ቢሠራም የሚታሸግበት ዲ ኤን ኤ ስለሌለ ባዶውን ይቀራል። ስለዚህ አንቲጂን ያለበት ሴል ሌላ ሴል የሚይዝ ቫይረስ ላያወጣ ይችላል። በነርቭ ውስጥ የተኛው ቫይረስ ደግሞ ዲ ኤን ኤውን ስለማይቀዳ መድኃኒቱ አያገኘውም፤ ምች የሚመላለሰው ለዚህ ነው። አልማዝ ባለጭራም ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ብትጀመር ይመረጣል፤ በተለይ ግንባር ላይ ወጥታ ወደ ዓይን ስትጠጋ ቀን መቁጠር አያስፈልግም።

ኤሊየን በ1983 ጡረታ ወጣች፣ በ1988 ከሂቺንግስና ከጄምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ተምራ ያገኘችው ፒ ኤች ዲ ግን አልነበራትም። በ1999 በ81 ዓመቷ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ አረፈች።