ፋራናይትና ሁለቱ የመስታወት መሣሪያዎች

ፋራናይት የሚለውን ስም ያልሰማ የሳይንስ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። ሁላችንም ብንሆን 32 ቀንሰን፣ በ5 አባዝተን፣ ለ9 አካፍለን ወደ ሴልሺየስ ስንለውጥ ነው ያደግነው። ታዲያ ከቀመሩ በስተጀርባ ያለው ሰው ማን ነበር? እንዴትስ ኖረ? ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን ስንቱ ነው? ይህ ሰው ቴርሞሜትር ብቻ ሳይሆን የፈሳሽን እፍግታ የሚለካ ሃይድሮሜትርም ይሠራ ነበር። የሁለቱ መሣሪያዎች ዝምድና ደግሞ ለእኛ ለመምህራን ትልቅ ትምህርት አለው።

ዳንኤል ገብርኤል ፋራናይት እ.ኤ.አ. ግንቦት 24 ቀን 1686 በዳንዚግ ከተማ ከነጋዴ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ ግዳንስክ የምትባለው የፖላንድ የባሕር ወደብ ናት። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው በቤቱ ላይ ከባድ ሐዘን ደረሰ፤ እናትና አባቱ መርዛማ እንጉዳይ በልተው ነሐሴ 14 ቀን 1701 በአንድ ቀን ሞቱ። ታናናሾቹ ለየሰው ቤት ሲከፋፈሉ፣ እሱ ንግድ እንዲማር ወደ አምስተርዳም ተላከ።

ልጁ ግን ልቡ ከንግዱ መዝገብ ላይ አልነበረም። በዚያን ጊዜ በሆላንድ የመስታወት መሣሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች ብዙ ስለነበሩ፣ ቴርሞሜትርና ባሮሜትር ሲሠራ እያየ በዚያው ተማረከ። የንግድ ትምህርቱን ጨርሶ ነጋዴ ይሆናል ሲባል፣ ገንዘብ እየተበደረ ለመሣሪያ ሥራ ያውለው ጀመር። አሳዳጊዎቹም ተቆጡ። በ1707 ተይዞ በመርከብ ወደ ምሥራቅ ሕንድ እንዲላክ የሚያስችል ፈቃድ እስከማግኘት ደረሱ። ወጣቱ ግን በጀርመንና በዴንማርክ ከተሞች እየተዘዋወረ፣ ከሊቃውንት እየጠየቀ፣ ከአንጥረኞችና ከመስታወት ሠሪዎች እየተማረ ዓመታት አሳለፈ።

በ1708 ኮፐንሃገን ውስጥ ከታዋቂው የሥነ ፈለክ ሊቅ ከኦሌ ሮመር ጋር ተገናኘ። ሮመር የራሱ የቴርሞሜትር መስፈሪያ ነበረው፤ በረዶ የሚቀልጥበትን ነጥብ 7 ተኩል፣ የሰውን ገላ ሙቀት 22 ተኩል ብሎ ሰይሞት ነበር። ፋራናይት ግማሽና ሩብ ማንበቡ ስላስቸገረው ቁጥሮቹን በ4 አባዛቸው። ውጤታቸው 30 እና 90 ሆነ። ቆየት ብሎ ደግሞ መስመሩን በየግማሹ ለመክፈል እንዲመቸው 32 እና 96 አደረጋቸው። እንግዲህ ያ ብዙዎቻችንን ግራ የሚያጋባን 32 ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም፤ አንድ የእጅ ሙያተኛ መስመር ለማስመር እንዲቀለው የመረጠው ነው።

የዚያን ዘመን ትልቁ ችግር ምን ነበር? ቴርሞሜትር ሞልቷል፤ ነገር ግን የአንዱ ከሌላው አይገጥምም። አንድ ሊቅ በአንድ ከተማ የለካውን ሌላው በሌላ ከተማ ሊያረጋግጠው አይችልም። በ1714 ፋራናይት የሠራቸውን ሁለት ቴርሞሜትሮች ለሃለው ፕሮፌሰር ለክርስቲያን ቮልፍ ሰጠ። ጎን ለጎን ቢያስቀምጧቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር አሳዩ። ይህ ለእኛ ተራ ነገር ይመስለናል፤ ለዚያን ጊዜ ሰዎች ግን አጀብ የሚያሰኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በአልኮል ፈንታ በደንብ የተጣራ ሜርኩሪ በመጠቀም መሣሪያውን ይበልጥ አሻሻለው። ከ1718 ጀምሮም አምስተርዳም ተቀምጦ በመሣሪያ ሥራ እየተዳደረ የኬሚስትሪ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪ ያልያዘው ሰው አስተማሪ ሆነ ማለት ነው።

በ1724 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ አባል አድርጎ መረጠው። በዚያው ዓመት በማኅበሩ መጽሔት አምስት አጫጭር ጽሑፎች አሳተመ። እነሱም ስለ ፈሳሾች ነጥበ ፍሌት፣ ስለ ውሃ መርጋት፣ ስለ ልዩ ልዩ ነገሮች አንጻራዊ እፍግታ፣ ስለ አዲስ ዓይነት ባሮሜትርና ስለ አዲስ ዓይነት ሃይድሮሜትር ነበሩ። የፈሳሽ ነጥበ ፍሌት ከአየር ግፊት ጋር ከፍና ዝቅ እንደሚልም አሳየ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚፈላው በዚሁ ምክንያት ነው። በቤተ ሙከራ ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል ብለን ከመወርወራችን በፊት ይህን እናስታውስ።

አሁን ወደ ሃይድሮሜትሩ እንምጣ። የፋራናይት ሃይድሮሜትር ሆዱ ክፍት ቦታ ያለው መስታወት ሲሆን፣ ከላይ ቀጭን አንገት፣ ከአንገቱ ጫፍ ደግሞ ትንሽ የሚዛን ሳህን ነበረው። አንገቱ ላይ ባለው ምልክት ልክ እስኪጠልቅ ድረስ ሳህኑ ላይ ክብደት ይጨመራል። ለምሳሌ መሣሪያው 50 ግራም ቢመዝን፣ በውሃ ውስጥ 10 ግራም፣ በሌላ ፈሳሽ ውስጥ 13 ግራም ቢፈልግ፣ 63 ለ60 ሲካፈል 1.05 ይሆናል፤ ይኸው የፈሳሹ አንጻራዊ እፍግታ ነው። ዛሬ የሚሠራበት የተለመደው ሃይድሮሜትር ግን ክብደት አይጨመርበትም። በጠለቀው ልክ ቁጥሩ አንገቱ ላይ ይነበባል፤ ቀለል ባለ ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ይጠልቃል፣ ከበድ ባለው ውስጥ ብቅ ይላል።

ይህ መሣሪያ በጣም ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል ቢራ ጠማቂዎች ይገኙበታል። በአውሮፓና በአሜሪካ በየቤቱ ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ከብቅል የወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ እርሾ ሳይጨመርበት በሃይድሮሜትር ይለኩታል። ፈልቶ ሲያበቃም እንደገና ይለኩታል። ስኳሩ ወደ አልኮል ሲለወጥ እፍግታው ስለሚቀንስ፣ ከሁለቱ ንባቦች ልዩነት የአልኮሉን መጠን ያሰላሉ።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ፈሳሽ ሲሞቅ ይስፋፋል፤ ሲስፋፋ እፍግታው ይቀንሳል። ስለዚህ ሃይድሮሜትሩ በትኩስ ፈሳሽ ውስጥ ከሚገባው በላይ ይጠልቅና አነስተኛ ቁጥር ያሳያል። መሣሪያው የሚታመነው በተሠራለት መጠነ ሙቀት ብቻ ነው። በአሁኑ ጊዜ ብዙዎቹ የሚሠሩት ለ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ የተለመዱት ሌሎቹ ለ60 ዲግሪ ፋራናይት፣ ማለትም ለ15.6 ሴልሺየስ ያህል ናቸው። የሰውየው ስም ሃይድሮሜትሩ ላይ ሳይቀር አብሮ ይኖራል!

ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ጠማቂ ለ20 ዲግሪ የተሠራ ሃይድሮሜትር ይዞ፣ ፈሳሹ ገና 40 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳለ ለክቶ 1.040 አነበበ እንበል። የውሃ እፍግታ በ20 ዲግሪ 0.9982፣ በ40 ዲግሪ 0.9922 ነው። ስለዚህ 1.040ን በ0.9982 አባዝተን ለ0.9922 ስናካፍል 1.046 እናገኛለን። ከ0.006 በላይ ልዩነት አለ። ፈሳሹ 30 ዲግሪ ቢሆን ኖሮ ማስተካከያው 0.003 ያህል ብቻ በሆነ ነበር። ቢራው ፈልቶ አልቆ በ20 ዲግሪ 1.010 ቢነበብ፣ ልዩነቱን በ131 የማባዛቱ የተለመደ ስሌት የሚሰጠን 4.7 በመቶ አልኮል ነው። ሰውየው ሳያስተካክል ቢያሰላ ግን 3.9 በመቶ ብሎ ይጽፋል። ቢራው ያው ቢራ ነው፤ ስህተቱ ያለው ከወረቀቱ ላይ ነው። ፈሳሹ በጣም ትኩስ ከሆነ ደግሞ ማስተካከያውም አያስተማምንም፤ አቀዝቅዞ መለካት ነው የሚበጀው። ከመሣሪያው ጎን የተለጠፉ የአየር አረፋዎችም ወደ ላይ ስለሚያነሱት ማሽከርከርና ማራገፍ ይገባል።

ይህን ለተማሪ ለማሳየት ውድ ዕቃ አያስፈልግም። በአንድ ቴስት ቲዩብ ውስጥ የተሰመረ ወረቀት አስገብታችሁ፣ 10 ሳንቲሜትር ጠልቆ ቀጥ ብሎ እስኪንሳፈፍ ድረስ አሸዋ ጨምሩበት። መጀመሪያ በ20 ዲግሪ ውሃ፣ ቀጥሎ በ70 ዲግሪ ውሃ ውስጥ አንሳፉት። በሁለተኛው 2 ሚሊሜትር ያህል ይጨምራል። ትንሽ ነው፣ ነገር ግን በዓይን ይታያል። ተማሪው መጽሐፍ ስላለው ሳይሆን ራሱ ስላየው ያምናል።

የፋራናይት መጨረሻ እንደ ዝናው አልነበረም። በ1736 ውሃ ለሚስብ መሣሪያ የባለቤትነት ፈቃድ ለማግኘት ወደ ሄግ ሄዶ ሳለ ታመመ። መስከረም 16 ቀን በሃምሳ ዓመቱ አረፈ። ሚስትም ልጅም አልነበረውም። የተቀበረውም እንደ ድሃ ሰው፣ በዝቅተኛው የቀብር ደረጃ ነበር። መስፈሪያው ግን ዛሬም በአሜሪካ የዕለት ተዕለት የአየር ጠባይ ይነገርበታል፤ ሌላው ዓለም ወደ ሴልሺየስ ቢያዞርም፣ ሁለት ቴርሞሜትር አንድ ቃል መናገር አለበት የሚለው የሥራው ፍሬ ነገር የሁሉም ሆኗል።

እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን? ነገ በየገጠሩና በየከተማው ክፍል ውስጥ ቆመን ቁጥር የምናስተምር ሰዎች ነን። ተማሪው 1.040 ብሎ ሲጽፍ ልክ ነው ወይም ስህተት ነው ብለን ከማለፋችን በፊት፣ በስንት ዲግሪ ለካኸው? ብለን እንጠይቀው። የፈተና ነጥብም እኮ እንደዚሁ ነው። ልጁ በምን ሁኔታ ላይ ሳለ እንደተፈተነ፣ ርቦት እንደሆነ፣ ከሩቅ ተጉዞ እንደመጣ ሳናውቅ ዝቅተኛ ነጥቡን ብቻ ይዘን ሰነፍ ብንለው፣ ትኩሱን ፈሳሽ ለክቶ ቢራዬ ደካማ ነው ካለው ሰው በምን እንሻላለን? መሣሪያው አልዋሸም፤ ያነበብነው ግን እኛ ነን።